የደም ጨው ቁጥርና ያልተጠየቀው ፕሮቲን

(በተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የስብሰባው አዘጋጆች «ስለምታጠናው ነገር ንገረን» ባሉኝ ጊዜ በመጀመሪያ አመንትቼ ነበር። በዚህ አዳራሽ ስለ ትምህርት፣ ስለ እርሻና ስለ አስተዳደር ትላልቅ ነገሮች ሲነገሩ ሰንብተዋል። እኔ ግን የማውቀው በአንዲት ብልቃጥ ውስጥ ስለሚገባ ጥቂት ደም ነው። ሆኖም ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ይህች ብልቃጥ ከናንተ ጥያቄ የራቀች አለመሆኗን ተረዳሁ። አንድ ቁጥር ከወረቀት ላይ ተነሥቶ ሰውን ሊያድን ወይም ሊጎዳ ይችላልና፤ ቁጥሩን የሚያነበው ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቁ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል። ይኸውም፦ በደም ውስጥ ያሉት የጨዎች ልክ፣ ማለት ካልሲየም፣ ሶዲየምና የመሳሰሉት፣ የደሙ ፕሮቲን ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ ከተነበበ የተነበበው ግማሹ ብቻ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርኩትም። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት አገር ቤት በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ፊቱና እግሩ ያበጠ፣ ዕድሜው ሁለት ዓመት የሚሆን ልጅ ደም መጣልኝ። ካልሲየሙን ለካሁት፤ በ100 ሚሊሊትር 7.1 ሚሊግራም ሆነ። በግድግዳችን ላይ የተለጠፈው ገበታ ጤነኛው ልክ ከ8.5 እስከ 10.5 ነው ይል ነበርና፣ በቀይ እርሳስ «ዝቅተኛ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። ሐኪሙም ወረቀቱን አይተው ካልሲየም በደም ሥር እንዲሰጠው አዘዙ። የልጁ ሥር ቀጭን ነበር፤ መድኃኒቱ ከሥሩ አፈትልኮ ወደ ሥጋው ገባ። ካልሲየም ከደም ሥር ውጭ ሲፈስ ሥጋ ያቃጥላል። በማግሥቱ የልጁ የእጅ ጀርባ ጠቁሮ ነበር። ልጁ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ቀረ።

ከሳምንት በኋላ የዚያው ልጅ ደም ለሌላ ምርመራ ሲመጣ አልቡሚን የተባለውን ፕሮቲን ለካሁለት። 1.9 ግራም ሆኖ አገኘሁት፤ የጤነኛው ከ3.5 በላይ ነው። በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። አሁን ግን አውቃለሁ። የልጁ ካልሲየም እንደዚያ ዝቅ ያለ አልነበረም። ሐኪሙ ፊታቸው የቀረበውን ቁጥር አመኑ፤ እኔም መሣሪያው ያወጣውን ጻፍኩ። ማንም ያልጠየቀው ፕሮቲኑን ነው። በማዘዣው ወረቀት ላይ ቦታ እንኳ አልነበረውም።

እንግዲህ ከመሠረቱ እንጀምር።

ደም ቀይና ነጭ ሕዋሶቹ ተለይተውለት የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ፕላዝማ ይባላል። በጤነኛ ሰው በ100 ሚሊሊትር ፕላዝማ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ከዚህ ከግማሽ የሚበልጠው አልቡሚን ነው፤ እሱንም የሚሠራው ጉበት ነው። የቀረው በጠቅላላው ግሎቡሊን ይባላል፤ ከበሽታ ጋር የሚዋጉት የመከላከያ ፕሮቲኖች ከዚህ ወገን ናቸው። አልቡሚን በብዙ ምክንያት ይቀንሳል፦ ጉበት ሲታመም፣ ኩላሊት ፕሮቲንን በሽንት ሲያፈስ፣ ከባድ ቁስለትና ኢንፌክሽን ሲኖር፣ እንዲሁም በምግብ እጥረት። ሲስሊ ዊልያምስ የተባለች ሐኪም በዛሬይቱ ጋና አይታ በ1933 (እ.ኤ.አ.) የገለጸችውንና በ1935 በአገሬው በጋ ቋንቋ ስም «ክዋሽዮርኮር» ብላ ለዓለም ያስታወቀችውን የሕፃናት እብጠት ሁላችሁም ሰምታችኋል። የዚህ በሽታ ሕመምተኞች የደም አልቡሚን በጣም ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ የአልቡሚን ነገር ሩቅ የሊቃውንት ጉዳይ አይደለም፤ በየወረዳው ጤና ጣቢያ በር ላይ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሚጠብቅ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ካልሲየም ልምጣ። አንድ ሰው መቶ ብር አለው እንበል። ከዚህ ውስጥ 45ቱን ዕቁብ ጥሎታል፤ 10ሩን ለጎረቤት አበድሯል፤ 45ቱ በኪሱ ነው። ሀብቱ መቶ ነው ቢባል ውሸት አይደለም፤ ዛሬ ገበያ ወጥቶ የሚገዛበት ግን በኪሱ ያለው ብቻ ነው። የደም ካልሲየምም እንዲሁ ነው። ከመቶ 40 እስከ 45 የሚሆነው ከፕሮቲን ጋር፣ በተለይም ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ከመቶ 10 ገደማው ከሌሎች ትናንሽ ነገሮች ጋር ይያያዛል። የቀረው ነጻ ነው። ልብን የሚያስመታው፣ ጡንቻንና ነርቭን የሚያሠራው ይህ ነጻው ነው። በአንገታችን ያሉት ፓራታይሮይድ የተባሉ ትናንሽ እጢዎችም የሚጠብቁት ይህንኑ ነጻውን እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። ዕቁቡ ቢያንስ ጠቅላላ ሀብቱ ያንሳል፤ ኪሱ ግን እንደነበረ ሊሆን ይችላል።

ይህ እንዴት ታወቀ? ሲድኒ ሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1880ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በለንደን የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ውስጥ ሲመታ ይመለከት ነበር። ጨዉ በቧንቧ ውሃ ተበጥብጦ ኖሮ ልቡ ለብዙ ጊዜ ይመታለታል። በተጣራ ውሃ ሲበጠበጥ ግን ልቡ ወዲያው ደከመ። ልዩነቱን ያመጣው በለንደን የቧንቧ ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም መሆኑን ሪንገር በ1883 ጻፈ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ በ1934 እና በ1935፣ ማክሊንና ሄስቲንግስ የተባሉ ሁለት የቺካጎ ተመራማሪዎች ያንኑ የእንቁራሪት ልብ እንደ ሚዛን ተጠቀሙበት። ልቡ የሚመልሰው ለነጻው ካልሲየም ብቻ እንደሆነ አሳዩ፤ ጠቅላላውን ካልሲየምና ፕሮቲኑን ያወቀ ሰው ነጻውን ገምቶ የሚያነብበትንም ገበታ ሠሩ። እንግዲህ ጉዳዩ ከታወቀ ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኖታል ማለት ነው። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ወደ ማዘዣው ወረቀት መግባቱ ነው።

በ1973 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር ፔይንና የሥራ ጓደኞቹ ቀላል የማስተካከያ ሒሳብ አሳተሙ። ሒሳቡ ኋላ በልዩ ልዩ መልክ ተሻሽሏል፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ይህ ነው፦ አልቡሚኑ ከ4 በታች ለወረደበት ለእያንዳንዱ ግራም በተለካው ካልሲየም ላይ 0.8 ይጨመራል። የዚያን ልጅ ልክ እንውሰድ። አልቡሚኑ 1.9 ነው፤ ከ4 ለመድረስ 2.1 ይጎድለዋል። 2.1 በ0.8 ሲባዛ 1.7 ገደማ ይሆናል። በ7.1 ላይ ሲጨመር 8.8 ነው። ይህ በጤነኛው ልክ ውስጥ ይገባል። በቀይ እርሳስ የሚጻፍበት ነገር አልነበረም።

ስሕተቱ በዚህ አቅጣጫ ብቻ የሚመጣ አይምሰላችሁ። ሌላ ሕመምተኛ እንውሰድ፤ ካልሲየሙ 9.9፣ አልቡሚኑ 2 ነው። ወረቀቱን ያየ ሁሉ «ደኅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሲስተካከል ግን 11.5 ይሆናል፤ ይህም ከፍተኛ ነው። አጥንት የገባ ነቀርሳ ወይም የፓራታይሮይድ በሽታ ከዚህ ደኅና ከሚመስል ቁጥር በስተኋላ ሊደበቅ ይችላል። የፊተኛው ስሕተት ያልታመመውን ያሳክማል፤ ይህ ደግሞ የታመመውን ወደ ቤቱ ይመልሳል። የቱ እንደሚከፋ እናንተው ፍረዱ።

ደም የሚቀዳበት መንገድም ልኩን ይለውጠዋል። በክንድ ላይ የሚታሰረው ጎማ ብዙ ደቂቃ ከቆየ ውሃው ከሥሩ ይወጣና ፕሮቲኑ በሥሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጠቅላላው ካልሲየምም አብሮት ከፍ ይላል። ሰው ተኝቶ ሲቀዳና ቆሞ ቆይቶ ሲቀዳም ልኩ አንድ አይደለም፤ ሲቆም ፕሮቲኑ እስከ ከመቶ 10 ገደማ ሊጨምር ይችላል። እንዲሁም ሰው በድንጋጤ አብዝቶ ሲተነፍስ የደሙ አሲድ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ አልቡሚን ካልሲየሙን አጥብቆ ይይዛል። ጠቅላላው ሳይነካ ነጻው ይጎድልና ጣቶቹ ይኮማተራሉ። ዕቁቡ ከኪሱ ወሰደ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ሶዲየም ነው። ሶዲየም እንደ ካልሲየም ከፕሮቲን ጋር አይጣበቅም። እዚህ ላይ የፕሮቲን ጣጣ በሌላ በር ይገባል። ጉሽ ጠላና የተጣራ ጠላ በሁለት እኩል ዋንጫ ይቀዳ እንበል። ሁለቱም ዋንጫዎች ሞልተዋል፤ በጉሹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ያንሳል፣ ቦታውን አተላው ይዞታልና። በደምም ሶዲየም የሚኖረው በውሃው ውስጥ ብቻ ነው። በጤነኛ ሰው ከአንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 930 ሚሊሊትር ገደማው ውሃ ነው፤ የቀረው ፕሮቲንና ስብ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 150 ሚሊሞል ሶዲየም ቢኖር፣ በአንድ ሊትር ፕላዝማ 140 ገደማ ይሆናል፤ ጤነኛ ቁጥር ነው። አሁን ፕሮቲኑ በጣም በዝቶ ውሃው ወደ 860 ሚሊሊትር ቢወርድስ? ውሃው ውስጥ ያለው ሶዲየም ያው 150 ነው፤ በአንድ ሊትር ፕላዝማ ሲሰላ ግን 129 ይሆናል። ሕመምተኛው ሶዲየም ሳይጎድለው ጎደለው ተባለ። ለዚህ ሰው ውሃ መከልከል ወይም ብርቱ የጨው ውሃ በሥሩ መስጠት ከበሽታው የባሰ ጉዳት ነው።

እዚህ ላይ የመሣሪያውን ዓይነት ማወቅ ይገባል። በትላልቅ ሆስፒታሎች ያሉት ብዙ መሣሪያዎች ናሙናውን አስቀድመው በብዙ ውሃ አቅጥነው ይለካሉ፤ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚገባው በነዚህ ነው። ሳያቀጥኑ በቀጥታ የሚለኩት፣ ለምሳሌ የደም ጋዝ የሚመረመርባቸው መሣሪያዎች፣ ከዚህ ስሕተት ይድናሉ። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ደም ላይ ሲለያዩ ብዙ ሰው አንደኛው ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። ምናልባት ሁለቱም ደኅና ሆነው የተለየው ፕሮቲኑ ወይም ስቡ ይሆናል። ጥርጣሬ ሲኖር የደሙን ኦስሞላሊቲ ማስለካት ነው፤ እሱ ትክክል ሆኖ ሶዲየሙ ብቻ ካነሰ፣ ስኳሩም ካልበዛ፣ ጉድለቱ የስሌት ነው።

ይህ አገራችንን በቀጥታ ይነካል። ከደጋ ወርደው በመተማና በሑመራ ቆላ ሰሊጥ ሲያጭዱ የሚከርሙ ወንድሞቻችን ካላዛር ይዟቸው ይመለሳሉ። በካላዛር ግሎቡሊን እጅግ ይበዛል፤ አልቡሚን ደግሞ ይቀንሳል። የግሎቡሊኑ ብዛት እንዲህ ነውና፣ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በታወቀው የጥንት ምርመራ በሕመምተኛው ሴረም ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ፎርማሊን ሲጨመር እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ይረጋ ነበር። አሁን አስቡት፦ ከነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ አምፎቴሪሲን የተባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ፤ መድኃኒቱ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ፖታሲየምንና ማግኒዢየምን ሊያወርድ ስለሚችል የደም ጨዎቻቸው ደጋግሞ መለካት አለበት። እንግዲህ ፕሮቲኑ በሁለት ወገን በተዛባ ደም ላይ፣ ለጤነኛ ደም የተሠራ ገበታ ይዘን እንፈርዳለን። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ሕመምተኞች እውነተኛ የሶዲየም ጉድለትም ሊኖርባቸው ይችላል። ስለዚህም ነው እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት የሚገባው፤ ሁሉንም ሐሰት ነው ብሎ ማለፍም ያው ጥፋት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚደበቀው ነው። ሐኪሞች ከሶዲየም ላይ ክሎራይድንና ባይካርቦኔትን ቀንሰው የሚቀረውን የአኒዮን ክፍተት ይሉታል። በብዙ ላቦራቶሪዎች ጤነኛው ልክ ከ8 እስከ 12 ገደማ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ በደሙ ውስጥ ያልተለካ አሲድ ገብቷል ማለት ነው፤ ለምሳሌ ደም በኢንፌክሽን ሲመረዝ የሚጠራቀመው ላክቲክ አሲድ። ይሁን እንጂ በጤነኛ ሰው ይህን ክፍተት በአብዛኛው የሚሞላው አልቡሚን ነው፤ አልቡሚን አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለውና። አልቡሚን ሲወርድ ክፍተቱም ይጠባል፤ በእያንዳንዱ ግራም 2.5 ገደማ።

አንድ በጠና የታመመ ሰው እንይ። ሶዲየሙ 136፣ ክሎራይዱ 108፣ ባይካርቦኔቱ 16 ነው። ክፍተቱ 12 ነው፤ «አሲድ አልተጠራቀመም» ይባላል። አልቡሚኑ ግን 1.8 ነው። ከ4 የጎደለው 2.2 በ2.5 ሲባዛ 5.5 ነው፤ እውነተኛው ክፍተት 17.5 ሆነ። አሲዱ እዚያው ነበር፤ የአልቡሚን መጉደል ሸፈነው። አልቡሚናቸው የሚወርደው በጠና የታመሙትና የተራቡት ስለሆኑ፣ ማስጠንቀቂያው የሚጠፋው ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ ነው።

ፖታሲየም ከፕሮቲን ጋር ብዙ ጉዳይ የለውም፤ የሱ ጠላቶች የተሰባበረ ደምና ጡጫ እየጨበጡ መቀዳት ናቸው። ማግኒዢየም ግን ከመቶ 30 ገደማው ከፕሮቲን ጋር ስለሚያያዝ የካልሲየም ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «እንግዲያው ሒሳቡን ተምረን አገር ቤት ስንገባ እንሠራበታለን» ትሉ ይሆናል። ደኅና ነው፤ ነገር ግን ቆም በሉ። የካልሲየሙ ሒሳብ የተሠራው በእንግሊዝ አገር ሕመምተኞች ደም ነው። አልቡሚን በጣም ሲወርድ፣ ሰውየውም በጠና ሲታመም፣ ሒሳቡ እንደሚስት ተደጋግሞ ታይቷል፤ ብዙ ጊዜም ነጻውን ካልሲየም ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል። ስለዚህ የዚያ ልጅ 8.8ም ቢሆን ግምት እንጂ ምስክር አይደለም። አልቡሚን የሚለካበት ቀለም ራሱ ይለያያል፤ ብሮሞክሬሶል ግሪን የተባለው ከግሎቡሊንም ጋር ስለሚያያዝ አልቡሚንን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ብሮሞክሬሶል ፐርፕል ከዚህ ይሻላል። የሰውን ሒሳብ እንዳለ መቅዳት የሰውን ጫማ ሳይለኩ እንደመጫማት ነው። የሚበልጠው ነጻውን ካልሲየም በመሣሪያ በቀጥታ መለካት ነው። ይህ በማይቻልበት ቦታ ሒሳቡ ከዝምታ ይሻላል፤ ግን ሒሳቡ ሐኪሙን ወደ ሕመምተኛው አልጋ ይምራው እንጂ አይተካው። ጣቱ ይኮማተራል ወይ? የልቡ ምት እንዴት ነው? ብሎ መጠየቅ መሣሪያ አይፈልግም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ላቦራቶሪ ለምትገቡት፦ ካልሲየም ሲታዘዝ አልቡሚንም አብሮ ይለካ፤ ውጤቱም በአንድ መስመር ይጻፍ። መሣሪያችሁ አቅጥኖ ይለካ እንደሆነ እወቁና ለሐኪሞቹ ንገሩ። የክንድ ጎማውን ቶሎ ፍቱ። ሐኪም ለምትሆኑት፦ «ዝቅተኛ» የሚል ቃል ስታዩ «ፕሮቲኑስ?» በሉ። ለምርምር የተዘጋጃችሁትም፦ የኛን ሰው ደም፣ የጤነኛውንም የካላዛሩንም፣ ለክታችሁ ለኛ የሚስማማውን ልክና ሒሳብ አውጡ። ይህ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ጥናት አይደለም፤ ትዕግሥትና ንጹሕ መዝገብ ይጠይቃል።

«አልቡሚን መለካት ወጪ ነው፤ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ይህን ክርክር አክብሬ እመልሳለሁ። አልቡሚን ከላቦራቶሪ ምርመራዎች ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ አንድ ቀለምና አንድ ብርሃን መለኪያ ይበቃዋል። ይልቁንስ ውድ የሚሆነው ያላስፈለገ መድኃኒት፣ ያላስፈለገ አልጋና የተቃጠለ እጅ ነው። ፕሮቲን የጎደለባቸው ሰዎች በሚበዙበት አገር ፕሮቲን መለካት እንዴት ቅንጦት ይሆናል?

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ያ ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆናል። እርሳስ በሚይዝበት እጁ ጀርባ ላይ ጠባሳ አለ። ጠባሳውን ያመጣው ክፋት አይደለም፤ ሐኪሙም ቸል አላሉም፤ መሣሪያውም አልተበላሸም። ሁላችንም በፊታችን የተጻፈውን ብቻ ስላነበብን ነው። ያልተጻፈውን መጠየቅ የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው እጅ ላይ ነውና፣ እናንተ ከኔ አፍ ሰምታችሁ እንድትማሩት ብዬ ተናገርኩ።